ሰውነታችን ፍራፍሬ አይደለም

ሴት ልጅ አራት ዓይነት ናት እያሉ እያስተማሩን ነው። ፖም፣ ፒር፣ አራት ማዕዘን እና የአሸዋ ሰዓት። ከነዚህ አንዷን ካልሆንሽ «የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን» ነሽ ይሉሻል፤ ያው አምስተኛ መሆኑ ነው። ይህን ትምህርት በአማርኛ የሚሰጡት የገዛ እህቶቻችን ናቸው፤ እኛም ማታ ሥራ ጨርሰን ጋደም ስንል በስልካችን እናየዋለን። ፊትሽ ክብ ከሆነ ክብ አንገት ያለው ልብስ እንዳትነኪ። ዳሌሽ ሰፊ ከሆነ ሽንሽን ቀሚስ እርም ነው። አጭር ከሆንሽ አግድም መስመር ጠላትሽ ነው። እስከዚህ ድረስ በነፃ ነው። ከዚያ «ከፊትና ከጎን ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ፣ ዓይነትሽን ልንገርሽ» ይመጣል፤ እሱ ግን በሪያል ነው።

ከኛ መካከል አንዷ 20 ሪያል ልካለች። የደሞዟ ሩብ ነው። መልሱ በድምፅ መልእክት መጣላት፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። «አንቺ ፒር ነሽ፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ጥቁር ልበሺ፤ ዳሌሽን ደብቂው» ነው የሚለው። አብረን ነው የሰማነው። ፒር የሚባለውን ፍሬ ሁለታችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው ኦማን መጥተን ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ወሎ ሆና ቢሆን ኖሮ ምን ሊሏት ነበር? ቅል?

ሳቅን፤ እሷ ግን ብዙም አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ አርብ አርብ ስንወጣ የምትወደውን ቢጫ ጉርድ አላየሁባትም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የ20 ሪያሉ ነገር ብቻ ቢሆን ትቼው ነበር፤ ገንዘብ በብዙ መንገድ ይበላል። ያቺ ጉርድ ናት ያናደደችኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ልብስ ላይ ያለ መስመር ዓይንን ይመራል። ከአንገት እስከ እግር ቀጥ ብሎ የወረደ የቁልፍ ረድፍ ዓይንን ከላይ ወደ ታች ይዞት ይሄዳል። የሐበሻ ቀሚስን እዩት። ከአንገት ጀምሮ ደረቱ መሐል ለመሐል ወርዶ በመስቀል የሚያልቀው ጥልፍ ይህንኑ ነው የሚሠራው፤ ያን የፈለሰፉት እናቶች ግን የማንንም ቪዲዮ አላዩም። የጉርዱ ጫፍ እግርሽን የትኛው ቦታ ላይ እንደሚቆርጠው ለውጥ ያመጣል፤ ባትሽ ወፍራሙ ቦታ ላይ ካቆመ ዓይንም እዚያው ይቆማል፤ ሁለት ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ሌላ ቀሚስ ይመስላል። የትከሻው ስፌት በትክክል የትከሻሽ አጥንት ጫፍ ላይ ካልተቀመጠ፣ ውድ ልብስ ቢሆን እንኳ የተዋስሽው ይመስላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ማንኛውም ልብስ ሰፊ ያውቀዋል፤ ለምክሩም ገንዘብ አይጠይቅበትም፣ ሰፍቶ ነው የሚያሳይሽ።

ችግሩ ከዚህ በላይ ሲሄዱ ነው። «አግድም መስመር ያወፍራል» የሚለውን ውሰዱ። ሁሉም እንደ ጸሎት ይደጋግመዋል። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የሚባል የጀርመን ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1867 ስለ ዓይን ሲጽፍ አንድ ነገር አሳይቷል። ሁለት እኩል የሆኑ አራት ማዕዘኖች ይሠሩና አንዱ በአግድም መስመሮች፣ ሌላው በቁም መስመሮች ይሞላል። አግድሙ የተሰመረው ነው ረዘም፣ ጠበብ ብሎ የሚታየው። ያው ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው! እንግሊዝ አገር ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፒተር ቶምፕሰን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ይህንኑ በሴት ምስል ላይ ሞክሮት እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትሞታል፤ እነሱም አግድም መስመር አያወፍርም ነው ያሉት። ሌላ ሰው ደግሞ ሌላ ሙከራ አድርጎ ሊከራከር ይችላል፣ ይከራከር። ግን 150 ዓመት ሙሉ ሲያከራክር የኖረን ነገር «ጠላትሽ ነው» ብሎ ለቤት ሠራተኛ መሸጥ ምን ይባላል?

ወረቀትና እርሳስ ካላችሁ ዛሬ ማታ ራሳችሁ ሞክሩት። የልጆቹን ደብተር ተጠቀሙ።

ይህ የ«ዓይነት» ትምህርት ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከሰማይ አልወረደም፤ ሰው ነው የጻፈው። ዴቪድ ኪቢ የሚባል የኒውዮርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1987 «ሜታሞርፎሲስ» የሚል መጽሐፍ አወጣና ሴቶችን በ13 ዓይነት ከፈለ። አከፋፈሉ በዪን እና ያንግ ነው፤ ረጅም፣ ሹል፣ ጥግ ጥግ ያለው ሰውነት ወደ ያንግ፣ አጠር ያለና ክብ ክብ የሚለው ወደ ዪን። ይህን የቻይኖች አሳብ ለልብስ የተጠቀመበት መጀመሪያ እሱ አይደለም። በ1930ዎቹ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ውስጥ ታስተምር የነበረችው ቤል ኖርዝረፕ ቀድማዋለች። የኪቢ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ የልብሱ መስመር የአጥንትሽንና የሥጋሽን መስመር ይቀጥል፤ ፊትሽ ሹል ከሆነ ልብሱም ሹል ይሁን፣ ክብ ከሆነ ልብሱም ክብ ይሁን።

ልብ በሉ። ሰውየው ክብ ለክብ ነው ያለው! የኛዎቹ አስተማሪዎች ደግሞ «ፊትሽ ክብ ከሆነ ክብ አንገት እርም» ይላሉ። አንዱ ተመሳሳይ ጨምሪበት ይላል፣ ሌላው በተቃራኒው ሸፍኚው ይላል፤ ሁለቱም «ሳይንስ ነው» ብለው ይምላሉ። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሁለት የሚጣረሱ መልሶች ካሉት ቢያንስ አንዱ ስህተት እንደሆነ ሒሳብ አስተማሪያችን ነግሮናል።

ኪቢን ግን አልሳደብም። እሱ ሰውነትሽን አትደብቂው ነው የሚለው፤ ሰውነት የሚታረም ስህተት ነው አይልም። ያን ክፍል ነው እዚህ የሚሸጡልን ሰዎች ቆርጠው የጣሉት፤ ምክንያቱም ጉድለት የሌለባት ሴት ደንበኛ አትሆንም። ሆኖም የሱም አከፋፈል ቢሆን እንደ ደም ዓይነት የሚታመን አይደለም። ከ13ቱ ዓይነቶች ሦስቱን በኋላ ራሱ አውጥቷቸዋል። ዓይነቱ በአጥንት ላይ የተጻፈ ከሆነ እነዚያ ሦስት ዓይነት ሴቶች የት ሄዱ? ሞቱ? እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ አዲስ መጽሐፍ አውጥቷል፤ ይሁና፣ መጽሐፍ መሸጥ ሥራው ነው።

አሁን ወደ ሌላው «ዓይነት» ልምጣ፤ ልብሱ ላይ ተሰፍቶ ወደሚመጣው ቁጥር። ሱቅ ገብተሽ «ሚዲየም» ትለኪያለሽ፤ ትከሻው ልክ ሆኖ ዳሌ ላይ አልወጣ ይላል። «ላርጅ» ስትለኪ ዳሌው ልክ ሆኖ አንገቱ እስከ ጡትሽ ይከፈታል። ከመልበሻው የምትወጪው አንገትሽን ደፍተሽ ነው፤ የተበላሸው የአንቺ ሰውነት ይመስልሻል። የቁጥሩን ታሪክ ግን ስሙ። አሜሪካኖች ለሴት ልብስ አንድ ወጥ ልክ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን ለኩ። ሥራውን የመሩት ሩት ኦብራየን እና ዊሊያም ሸልተን ናቸው፤ ከእያንዳንዷ ሴት ከ50 በላይ ልኬት ተወስዷል። ውጤቱ በ1941 ታተመ፤ የተጠቀሙት ግን የነጭ ሴቶችን ልኬት ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ተነስተው በ1958 የልብስ ቁጥር ደንብ አወጡ፤ ደንቡ አልሠራ ብሎ በ1983 ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ቁጥር ይጽፋል። የአንዱ ሚዲየም የሌላው ላርጅ የሚሆነው ለዚህ ነው። እንግዲህ የትኛዋ ወሎዬ፣ የትኛዋ ጅማ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት ያን ጊዜ የተለካችው? ማናችንም። ታድያ ለምንድን ነው ልብሱ እምቢ ሲል እኛ የምናፍረው?

እዚህ ላይ ከልብስ ትንሽ ወጣ ልበል።

ሀገር ቤት ኤጀንሲ ስንመዘገብ የተሞላልንን ቅጽ አስታውሱት። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ሃይማኖት፣ የቆዳ ቀለም። ቀጥሎ የቁም ፎቶ፤ እጅሽን ወደ ጎን አውርደሽ፣ ሳትስቂ፣ ጫማሽ እስኪታይ። ያ ፎቶ ከኛ ቀድሞ ባሕር ተሻገረ። የማናውቃቸው ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ወደ ላይ ወደ ታች እየገፉ መረጡን። ይቺ ወፍራም ናት ትሰንፋለች፣ ይቺ ቀጭን ናት ጉልበት የላትም፣ ይቺ መልኳ ያምራል ለቤት አትሆንም። አንዳንዶቻችን ይህን በጆሯችን ሰምተናል፤ ማዳሟ ራሷ እየሳቀች ነግራናለች። የሰውነት ዓይነት ማለት ለኛ መጀመሪያ ይህ ነበር። እንግዲህ ከዚያ ቅጽ ወጥተን፣ ባሕር ተሻግረን፣ ዓመት ሁለት ዓመት ላባችንን አፍስሰን ስናበቃ፣ እንደገና ከፊትና ከጎን ፎቶ ተነስተን፣ እንደገና ለማናውቀው ሰው ልከን «ዓይነቴን ንገረኝ» እንድንል ነው የሚፈለገው። ያውም አሁን ከፋዮቹ እኛ ሆነን! እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ፎቶውስ የት ነው የሚቀመጠው? ማን ያየዋል? ለዚህ መልስ የሰጠኝ የለም።

ሀገራችን ውስጥ መስመር የሚሠራው ሌላ ሥራ ነበር። ነጠላን እንውሰድ። ጥለቱ ያው አንድ መስመር ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ያ መስመር ሰውነትሽ ላይ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው አገጭሽ ሹል ወይም ክብ መሆኑ አይደለም፤ ቀኑ ነው። ሐዘን ከሆነ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ መስቀለኛ ይጣፋል። ደስታ ከሆነ ጫፉ በአንድ ትከሻ ተጥሎ ይንጠለጠላል። ከሩቅ የሚያይሽ ሰው ምን እንደደረሰብሽ ያውቃል፤ ቀርቦ «እግዜር ያጽናሽ» ይልሻል ወይም «እንኳን ደስ ያለሽ»። መስመሩ ስለ ኑሮሽ ነው የሚናገረው። ዳሌሽ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ የሚጠይቅ ነጠላ አላየሁም።

የቀሚሱም ነገር እንዲሁ ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይወረውራል፤ ስለዚህ የሸማው ስፋት እጁ ከሚደርስበት አያልፍም። ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ከዶርዜ የመጡትን ሸማኔዎች ብታዩ ይገባችኋል። እንዲህ ያለ ጠባብ ጨርቅ ቀጥ ቀጥ ብሎ ይቀጣጠልና ሰፊ ቀሚስ ይሆናል። ሰውነትን የሚቀርጸው መቀነቱ ነው። ከፍ አድርገሽ ብትታጠቂ ወገብሽ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ብታደርጊው ዝቅ ይላል። ስታረግዢ ታላያለሽ፤ አራስ ስትሆኚ ጠበቅ ታደርጊያለሽ፤ በረሃብ ዘመን ሌላ ዙር ትጨምሪበታለሽ። እናቴ በአንድ ቀሚስ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሴት ሆና አይቻታለሁ። የትኛዋን ነው ፎቶ አንስተን የምንልከው?

ኦማኖችም ይህን ያውቁታል። ዶፋር ውስጥ ሴቶች የሚለብሱት አቡ ዘይል የሚባለው ቀሚስ፣ «ባለ ጅራት» ማለት ነው፣ ሰፊ ሆኖ ከፊት ወደ ጉልበት ያጥራል፣ ከኋላ መሬት ይጎተታል። ቀጭኗም ወፍራሟም ያንኑ ትለብሳለች፤ በሁለቱም ያምራል። እዚሁ ቀንጠብ ባሕር ዳር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎቹ አንድ ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠቅልለው ጀልባ ሲገፉ ታያላችሁ። ሆዳም አለ፣ ሸንቃጣ አለ፣ ሽማግሌ አለ። አንዳቸውንም «አንተ ፖም ነህ፣ ይህ ሽርጥ አይሆንህም» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ደግሞ ሰውነት የሚለወጥ ነገር ነው። ስንቶቻችን ነን በመጣን በስድስት ወር ውስጥ አጥንታችን የወጣው? ስንቶቻችን ነን ሩዝና ጭንቀት ያወፈረን? ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ስታነሺ፣ ጋዝ ሲሊንደር ስትጎትቺ ትከሻሽ ይሰፋል። ከሁለት ዓመት በፊት የነበርሽው «ዓይነት» ዛሬ የለችም። የዛሬዋም አትቆይም።

ታድያ ስለ ልብስ ማሰብ እንተው ወይ? አይደለም! በዚህ ጉዳይ ከታላላቅ እህቶቻችን ጋር አልስማማም። «የመጣነው ለሥራ ነው፣ ለፋሽን አይደለም» የምትሉን እህቶች፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህ አነጋገር የማዳሞቹን ሥራ ያቀልላቸዋል። ልብስ ለኛ ግድ የማይሰጥ ነገር ከሆነ ማንኛውም ጨርቅ ይበቃናል ማለት ነው። ዩኒፎርሙን እዩት እስቲ።

ዩኒፎርም በራሱ ጠላቴ አይደለም። የገዛ ልብሴ በክሎሪን ሲበላሽ ከማይ ዩኒፎርሙ ቢበላሽ ይሻለኛል። ጥያቄዬ የልኩ ነው። ማዳም ከሱቅ ተሰቅሎ ካለው አንዱን አንስታ ትመጣለች፤ ሳትለካሽ፣ ሳትጠይቅሽ። ብዙ ጊዜ ላስቲክ የመሰለ ጨርቅ ነው፣ አየር የማያስገባ። ሀገር ቤት ክረምት ገብቶ ሰው ጋቢ ሲደርብ እዚህ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከባሕሩ የሚመጣው ወበቅ አለ፤ እኛ ምድጃ ፊት ነን። ብብትና ጡት ስር የሚወጣውን ሽፍታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አንዷ ለሌላዋ ቅባት ስትቀባ አይቻለሁና። ጥጥ ቢሆን ይህ ግማሹ አይኖርም ነበር።

ሌላም አለ። መስኮት ለማጽዳት እጅሽን ስታነሺ ቀሚሱ በሙሉ አብሮሽ ይነሳል፤ ጉልበትሽ ይታያል፤ ባባ ሳሎን ካለ በአንድ እጅሽ ቀሚስሽን ይዘሽ በአንድ እጅሽ ትወለውያለሽ። ይህን «ጠባብ ስለሆነ ነው» ብለው ሰፋ ያለ ሲገዙልሽ ይብሳል። ምክንያቱ ሌላ ነው። የእጅጌው መግቢያ በብብት በኩል በጣም ዝቅ ብሎ ስለተቆረጠ እጅሽ ሲነሳ የጎኑን ጨርቅ ይጎትተዋል። መግቢያው ወደ ብብት ጠጋ ብሎ ቢቆረጥና ከስሩ እጅ መዳፍ የምታህል አራት ማዕዘን ቁራጭ ቢሰፋበት እጅሽ ብቻውን ይነሳል፤ ቀሚሱ ቦታው ይቀራል። ሩዊ ያሉት የሕንድና የባንግላዴሽ ልብስ ሰፊዎች ይህን በግማሽ ሰዓት ይሠሩታል። ልብስን ከሰውነት ጋር ማስማማት ብዬ የማምነው ይህን ነው። እጅሽን አንሺ፣ አጎንብሺ፣ ተንበርከኪ፣ ደረጃ ውጪ፤ ልብሱ ከከለከለሽ ልብሱ ነው ስህተት ያለበት። የሰውነትሽ ቅርፅ በመስተዋት ፊት ቆመሽ ብቻ አይታይም፤ እኛ ቆመን የምንውል ሰዎች አይደለንማ!

ዋጋውንም አንርሳ። አንዳንድ ቤት የዩኒፎርሙ ገንዘብ ከመጀመሪያው ደሞዝ ይቆረጣል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ን ሲያወጣ አብሮ ምክረ አሳብ ቁጥር 201ን አውጥቷል። እዚያ ውስጥ ዩኒፎርም፣ የሥራ ዕቃና መከላከያ እንደ ክፍያ አይቆጠሩም፣ ዋጋቸውም ከደሞዝ አይቀነስም ይላል። ማጠቢያና ማደሻው ጭምር። ምክረ አሳብ እንደ ሕግ አያስገድድም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ማዳም «ልብስም ገዝቼልሻለሁ» ብላ እንደ ስጦታ ስትቆጥረው፣ ዓለም ቁጭ ብሎ ተነጋግሮ እንደ አካፋና እንደ ጓንት የሥራ ዕቃ ነው እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል። አካፋ የሰጠ አሠሪ ስጦታ ሰጠሁ አይልም።

የመሄጃውም ልብስ እንዲሁ። ቦሌ ስንወርድ ዘመድ የሚጠብቀው አንድ ዓይነት «የዓረብ አገር ልጅ» አለ፤ ጠባብ ጂንስ፣ የሚያብረቀርቅ ቀበቶ፣ ትልቅ መነጽር። ያም ሌላ ቅጽ ነው። እሱን ለመሙላት የወር ደሞዟን የምትጨርስ አለች። በዚህ ብዙ አልቆይም፤ እያንዳንዷ ከዘመዷ ጋር ትጨርሰው።

ያቺን የ20 ሪያል ምክር የምታስቡ ካላችሁ ግን ገንዘቡን ለዚህ አውሉት። የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ፤ ሩዊ ውስጥ በባይሳዎች ይገኛል። ጓደኛችሁ ትለካችሁ፤ ራስን መለካት አይመችም፣ እጅ ሲነሳ ደረት ይለወጣል። ወገብ የት እንደሆነ የማታውቁ ወደ ጎን ዘንበል በሉ፤ የሚታጠፈው ቦታ እሱ ነው፣ እምብርት ላይ ላይሆን ይችላል። ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት በጀርባ በኩል፤ ከአንገት ሥር ካለችው ጉብታ እስከ ወገብ፤ ደረት፤ ወገብ፤ ዳሌ ሰፊው ቦታ ላይ፤ እጅ ክንድ ታጥፎ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት፣ ስሙንም ፒር አትበሉት። ጥጥ ጨርቅ ስትገዙ ሳይቆረጥ በፊት እጠቡት፣ ይሸበሸባልና። ለሰፊው «ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ተወው» በሉት፤ ስንወፍር ይለቀቃል፣ ስንከሳ ይጠባል። የአንገቱን ነገር የፈለጋችሁትን ምረጡ። አንገታችንን ማዳም ካልሆነ ሻሽ ይሸፍነዋል፤ ሻሹን ወደ ኋላ ስትስቢው ፊትሽ ይረዝማል፣ ጉንጭሽ ላይ ስታመጪው ይከብባል፤ ደስ ያለሽን አድርጊ፣ ሲያሰኝሽ ቀይሪው።

«ሩዊ መሄጃ ቀን የለኝም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቀንጠብ ከፊቷ ባሕር፣ ከኋላዋ ድንጋይ ተራራ ናት፤ ተራራውን ለመሻገር ፈቃድም ታክሲም ያስፈልጋል፤ የዕረፍት ቀን የሌላት ደግሞ ሜትሩንም ሰፊውንም አታገኝም። ልብሱን በስልክ የሚሸጡልን ሰዎች የሚያተርፉት በትክክል ከዚህ ነው፤ ለመለካት መውጣት የማትችል ሴት «ዓይነት» ብትገዛ አይገርምም። ስለዚህ የልብሱ ክርክር መጨረሻው የዕረፍት ቀን ክርክር ነው፤ ማኅበሩ ስለ እሱ ብዙ ጊዜ ስለ ጻፈ አልደግመውም።

ለማኅበሩ ኮሚቴ አንድ ነገር ልጠይቅ። አዲስ ለሚመጡ እህቶች በምታዘጋጁት የጥያቄ ወረቀት ላይ፣ አሠሪን ከምንጠይቃቸው ነገሮች መካከል፣ «ዩኒፎርሙ ጥጥ ነው? ስንት ነው የሚሰጠኝ? በልኬ ይሰፋል? ከደሞዜ ይቆረጣል?» የሚለው ይግባ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ የምትችሉ ዩኒፎርማችሁን በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ብብቱ ላይ ያለውን አብረን እንፈታዋለን። መርፌና ክር ያላት ታምጣ። ቢጫ ጉርድ ያላትም ለብሳው ትምጣ። ሜትሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ።